መድኃኒት የገዛሽለት ምልክት

«ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምኖረው ሞጆ ነው። ካገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድረው ቢበዛ አሥር ቀን ነው። መጀመሪያ ቤት እስክንሠራ ብለን የሦስት ወር መርፌ ስወጋ ቆየሁ። የመጨረሻውን የተወጋሁት አምና ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። የወር አበባዬ ጠፍቶ ቆይቶ ግንቦት 28 መጣ። ቀጥሎ ሐምሌ 4፣ ነሐሴ 7፣ መስከረም 7፣ አሁን ደግሞ ጥቅምት 11። አንዴ በ36 ቀን፣ አንዴ በ33፣ አንዴ ልክ በ30፣ አንዴ በ34 ማለት ነው። መዘበራረቁ ራሱ ያስፈራኛል።

አሁን ልጅ እንፈልጋለን። ስልኬ ላይ የጫንኩት መተግበሪያም ጎረቤቴም የሚሉት ‹የሚፀነሰው በ14ኛው ቀን ነው› ነው። ባለቤቴ ለመስቀል መጥቶ ነበር። 14ኛው ቀን መስከረም 20 ስለሆነ ለምኜ አስቀረሁትና በ21 ሌሊት ወጣ። ምንም አልተገኘም። ጭራሽ እሱ በሄደ በሦስተኛው ቀን ፈሳሽ ጀመረኝ፤ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ፣ የውስጥ ልብሴን የሚያርስ። በየወሩ ይመጣብኛል። ሁለት ጊዜ ከፋርማሲ በብልት የሚቀመጥ ክኒን ገዝቼ ተጠቅሜያለሁ፤ በሳሙናም በሎሚም ውስጤን እታጠባለሁ። ይጠፋና በወሩ ይመለሳል። በዚያው ሰሞን ግራ ጎኔን ወጋ ወጋ ያደርገኛል። በጾም ወራት ደግሞ ለየብቻ ነን። አማቴ ‹መርፌው ማህፀኗን አድርቆታል› ስትል ሰምቻታለሁ። እውነት ተበላሽቼ ይሆን?

ቆጣሪዋ፣ ከሞጆ»

ውድ ቆጣሪዋ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አዘንኩ። በሁለተኛው እርሳስና የግድግዳ ካላንደር ይዤ ተቀመጥኩና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳቅኩ። ከነሐሴ 7 እስከ መስከረም 7 «ልክ በ30» ስትዪ ጳጉሜን የት ጥለሻት ነው? እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 23 ቀን አለ፤ አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ስትጨምሪ 28፤ እስከ መስከረም 7 ደግሞ 35። ያንቺ ዙር እንግዲህ 36፣ 33፣ 35 እና 34 ቀን ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ይህን መዘበራረቅ ብሎ የሚጠራ ሐኪም የለም፤ ረዘም ያለ ግን የረጋ ዙር ነው። የኛ ካላንደር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር፤ ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ ከአንዱ ወር 11 እስከ ሌላው ወር 11 ሲቆጠር ጣት መክፈት አያስፈልግም። በዓመት አንዴ ጳጉሜ መሐል ስትገባ ግን ስንቱን ታሳስታለች! በክትትል ካርድ ላይ የመውለጃ ቀን በእሷ ምክንያት በአምስት ቀን ሲዛነፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደዚያ ወዳስለቀሰሽ 14 እንምጣ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የተሳሳተው የሚቆጠርበት ጫፍ ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኦጊኖ የሚባል ጃፓናዊ የማህፀን ሐኪም የደረሰበት ነገር፣ እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ ከ12 እስከ 16 ቀን አስቀድሞ መሆኑን ነው። ካለፈው ወደ ፊት ሳይሆን ከሚመጣው ወደ ኋላ ይቆጠራል ማለት ነው። ዙሯ 28 ቀን የሆነች ሴት ከፊትም ቆጠረች ከኋላ 14 ላይ ትገናኛለች፤ ወሬው የተስፋፋው በእሷ ነው። በ26 ቀን የምትዞር ሴት ግን እንቁላሏ በ12ኛው ቀን ገደማ ይወጣል፤ በ35 የምትዞረው ደግሞ በ21ኛው። የሚለዋወጠው እንቁላሉ እስኪበስል ያለው የፊተኛው ክፍል ነው። ሕመም፣ ድካም፣ ኃይለኛ ጭንቀት፣ በአንዴ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ ሁሉም ሊያዘገዩት ይችላሉ። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ያለው ክፍል ግን በአንዲት ሴት ላይ ከወር ወር ብዙም አይዋዥቅም።

የመስከረሙን እንየው። ቀጣዩ ጥቅምት 11 መጣ፤ ከዚያ 14 ቀን ወደ ኋላ ስትሄጂ መስከረም 27 ላይ ታርፊያለሽ። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። የወንድ ዘር ግን ምቹ ፈሳሽ ካገኘ እስከ አምስት ቀን ድረስ በሕይወት ይጠብቃል። ስለዚህ በአንድ ዙር ውስጥ ፅንስ ሊፈጠርባቸው የሚችሉት ቀናት ስድስት ገደማ ናቸው፤ እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ያሉት አምስቱና የሚወጣበት ዕለት። ከእነሱም ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ይበረታሉ። ያንቺ ስድስት ቀናት ከመስከረም 22 እስከ 27 ነበሩ። አንቺ ባልሽን ለምነሽ ያስቀረሽው እስከ 20 ነው። ደጃፉ የተከፈተው እሱ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ ነው።

ሰውነትሽ ግን አልደበቀሽም። መስከረም 24 ላይ ነገረሽ፤ አንቺ ፋርማሲ ሄድሽ።

ያ የሚዝለገለገው ፈሳሽ በሽታ አይደለም እህቴ። እንቁላልሽ እየበሰለ ስለመሆኑ ሰውነትሽ ከሚሰጥሽ ምልክቶች ሁሉ ግልጹ እሱ ነው። ላብራራው፤ ምክንያቱም ይህንን ካወቅሽ መተግበሪያውንም ጎረቤትሽንም ማሰናበት ትችያለሽ።

የወር አበባ እንዳለቀ ለጥቂት ቀን ደረቅ ነው። ቀጥሎ ትንሽ፣ ወፈር ያለ፣ ጣት ላይ ተጣብቆ ሲስቡት ቶሎ የሚበጠስ ነገር ይመጣል፤ ሊጥ የነካ ጣት ዓይነት። ከዚያ እንደ ቀጭን እርጎ ነጣ ያለ እርጥበት ይሆናል። እንቁላሉ ሊወጣ ሲቃረብ ደግሞ መልኩ ይለወጣል። ይበዛል፣ ይጠራል፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲዘረጋ ሳይበጠስ እንደ ክር ይረዝማል። ስትሄጂ ራሱ እርጥበቱና መሙለጭለጩ ይሰማሻል። አንቺም እንደጻፍሽው የጥሬ እንቁላል ነጭን ይመስላል። እኔ ግን ለሴቶች ስናገር ተልባ እላለሁ፤ የተዘፈዘፈ ተልባ ከማንኪያ ላይ ሲዝለገለግ ያላየች ሴት የለችማ።

ይህን ፈሳሽ የሚያዘጋጀው የማህፀን በር ነው። እንቁላሉን ያቀፈው ከረጢት እያደገ ሲሄድ ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ያመርታል፤ ሆርሞኑም የማህፀንን በር «እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን አሰናጂ» ይለዋል። ብልት በተፈጥሮው አሲድነት አለው። ከተህዋስያን የሚከላከለው በዚሁ ነው፤ ነገር ግን የወንድ ዘርንም ሳይለይ በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል። ዝልግልጉ ፈሳሽ ሲመጣ ያንን አሲድነት ያለዝባል፣ ዘሩን ያቆያል፣ ወደ ማህፀን የሚያልፍበትንም መንገድ ያበጅለታል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ተራው የፕሮጄስትሮን ይሆናል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ፈሳሹ እንደ ድፍድፍ ወፍሮ በሩን ይዘጋዋል፤ አንቺም ትደርቂያለሽ። «ክኒኑን ስጠቀም ይጠፋል» ያልሽው እንግዲህ ይኸው ነው። ክኒኑን ባትገዢም ኖሮ በዚያው ቀን ይጠፋ ነበር።

እኔም ከጥፋቱ ነፃ አይደለሁም። በአዋላጅነት በጀመርኩባቸው ዓመታት አንዲት ሴት «ነጭ ፈሳሽ አለኝ» ስትለኝ፣ መቼ መቼ እንደሚመጣ እንኳ ሳልጠይቅ ፈንገስ ነው ብዬ መድኃኒት እሰጥ ነበር። ወረፋው ረጅም ነው፣ ካርዱ ብዙ ነው፣ ሴቲቱም አፍራ አንገቷን ደፍታ ነው የምትናገረው። ስንቷን ጤነኛ ሴት በሽተኛ ነሽ ብዬ እንደላክሁ ሳስበው አሁንም ይከነክነኛል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ቢሊንግስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንን የፈሳሽ ምልክት ወደ ዘዴ የቀየረው ሴቶች ራሳቸው በየቀኑ የሚያዩትንና የሚሰማቸውን እንዲነግሩት በማድረግ ነው። እኛ ጋ የጎደለው መጠየቁ ነበር።

ስለዚህ ሎሚውን ወደ ወጥ ቤት መልሺው፤ ሳሙናውም ከውጭ ገላሽ አይለፍ። ብልት ውስጡን በራሱ ያጸዳል። ውስጥን ማጠብ እዚያ የሚኖሩትን ጠባቂ ባክቴሪያዎች ያጠፋና ለእውነተኛው ኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ያጠብሽው፣ የባልሽ ዘር እንዲያገኘው የምትፈልጊውን ፈሳሽ መሆኑ ነው።

ሁሉም ፈሳሽ ደህና ነው እንዳልል ግን አዋላጅነቴ አይፈቅድልኝም። የሚሸት ከሆነ፣ በተለይ የዓሣ ሽታ ካለው፤ እንደ አይብ ፍርፋሪ ሆኖ የሚያሳክክ ከሆነ፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ካደላ፤ ሽንት ሲወጣ ካቃጠለ፤ ከሆድ በታች ሕመምና ትኩሳት ከጨመረ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆመሽ በግምት አትግዢ። ያልታከመ ኢንፌክሽን ወደ ላይ ወጥቶ የማህፀንን ቱቦዎች ሊያጣብቅ ይችላል፤ ከልጅ አልባነት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ያንቺ ግን ሽታ አልጻፍሽም፣ ማሳከክ አልጻፍሽም፤ በወሩ ተቆጥሮ መጥቶ በቀኑ ይሄዳል። በሽታ እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም።

አያያዙን ልንገርሽ። ደብተር ግዢ፤ ስልኩም ይሆናል፣ ግን ደብተር ላይ የጻፈች ሴት አትረሳም። ሽንት ቤት ስትገቢ ከመሽናትሽ በፊት በንጹሕ ሶፍት ከፊት ወደ ኋላ ጠረግ አድርገሽ እዪው፤ ይሙለጨለጫል ወይስ ይይዛል? ማታ ከመተኛትሽ በፊት ከቀኑ ሁሉ ለምነት የሚያሳየውን አንዷን ቃል ጻፊ፤ «ደረቅ»፣ «ሊጥ»፣ «እርጥብ»፣ «ተልባ»። ከባልሽ ጋር ባደራችሁ ማግስት የሚታየው እርጥበት ያሳስታል፤ የዚያን ቀን ፊት ለፊቱ ጥያቄ ምልክት አድርጊበት። «ተልባ» ያልሽበት የመጨረሻው ቀን ዋናው ቀን ነው። እንቁላሉ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በእሱ ዕለት ወይም ከእሱ አንድ ሁለት ቀን ወዲህ ወዲያ ነው። ክፋቱ፣ የመጨረሻው እንደነበር የምታውቂው በማግስቱ ስትደርቂ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን አትጠብቂ፤ እርጥበቱ እንደጀመረ ጀምሩ።

ጎንሽን ወጋ የሚያደርግሽም ከዚሁ ጋር ይያዛል። እንቁላል ከሚያመርቱት ሁለት እጢዎች አንዱ ከረጢቱን ሲከፍት አንዳንድ ሴቶች በአንድ ጎን ከሆድ በታች ይሰማቸዋል፤ ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሁለት ቀን። አንዷን ወር በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ሊሆን ይችላል። የማይሰማቸውም ብዙ ናቸው፤ ስላልተሰማት እንቁላል የላትም አይባልም። ቀጥ አድርጎ የማያስቆም፣ ትውከትና ትኩሳት ያለበት፣ ወይም የወር አበባ ሳይመጣ ሲቀር የሚነሳ ኃይለኛ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነውና በዚያው ዕለት መታየት አለበት። በዚያ ሰሞን ባል ከወትሮው በላይ የሚናፈቃቸው ሴቶችም አሉ። ይህንን ደብተርሽ ላይ እንድትጽፊ አላስገድድሽም።

የሙቀት ነገር ደግሞ አለ። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሰውነትን ሙቀት ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ እንዳለም እስከ ቀጣዩ የወር አበባ ይቆያል። ለመለካት ሁለት የነጥብ አሃዝ የሚያሳይ ቴርሞሜትር ይሻላል፤ ጠዋት ዓይንሽን እንደገለጥሽ፣ ከአልጋ ሳትወርጂ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጪ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት። 12 ሰዓት ካልሽ ሁልጊዜ 12 ሰዓት። ከቀደሙት ስድስት ቀናት ሁሉ ከፍ ያሉ ሦስት ተከታታይ ጠዋቶች ካየሽ እንቁላሉ ወጥቷል ማለት ነው። ጉድለቱ የሚነግርሽ እንግዳው ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው። ለመፀነስ የዚያን ወር አይጠቅምሽም፤ ነገር ግን ዙርሽ በእርግጥ እንቁላል ያለው መሆኑን ለማረጋገጥና በኋላ ለሐኪም ለማሳየት ጥሩ ማስረጃ ነው። ከፍ ያለው ሙቀት 18 ቀን አልፎ ካልወረደና የወር አበባ ካልመጣ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ሌሊቱን ሳትተኚ ካነጋሽ፣ ካተኮሰሽ ወይም አረቄ ቢጤ ከቀመስሽ የዚያን ጠዋት ልኬት አትመኚው። በሽንት የሚሠራ መመርመሪያም አለ፤ እንደ እርግዝና መመርመሪያው ሁለት መስመር ያሳይና ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ውስጥ እንቁላል እንደሚወጣ ይጠቁማል። ካገኘሽውና ብሩ ካልከበደሽ ተጠቀሚ። ተልባ ያላት ሴት ግን የግድ አያስፈልጋትም።

ስለ አማትሽ። ከፋ ብለው የተናገሩት አይመስለኝም፤ እሳቸው የሰሙትን ነው። በየጤና ጣቢያው ደጃፍ ያልሰማሁበት ቀን የለም። የሦስት ወር መርፌ ማህፀንን አያደርቅም። የሚሠራው እንቁላሉ እንዳይወጣ በማድረግና ያንኑ የማህፀን በር ፈሳሽ በማወፈር ነው። ሲለቅሽ ግን እንደ ክኒን ቶሎ አይለቅም፤ ቀስ እያለ ነው። ለመውለድ ብለው ካቆሙትና ካረገዙት ሴቶች ግማሾቹ ያረገዙት ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በተቆጠረ 10 ወር ገደማ ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ ቆይተው። አንቺ ገና 11ኛ ወርሽን መያዝሽ ነው። የወር አበባሽ በስድስት ወር ተመለሰ፤ ፈሳሹም ተመለሰ። የደረቀ ማህፀን ተልባ አያፈልቅም፤ ይህንን ከፈለግሽ ለአማትሽ በዚሁ ቃል ንገሪያቸው። ሴት ናቸው፣ ይገባቸዋል።

የሞከራችሁባቸውን ዙሮች አንድ በአንድ ቆጠርኩልሽ። የሰኔው እንቁላል ሰኔ 20 ገደማ ነበር፤ ጾመ ሐዋርያት ላይ። የሐምሌው 23 ገደማ፣ የነሐሴው 28 ገደማ። በእነዚህም እንደ መስከረሙ 14ኛውን ቀን ብቻ ይዛችሁ ከነበረ ሁለቱንም አልፋችኋቸዋል። የዘገየሽ ይመስልሻል እንጂ በትክክለኛው ቀን ገና አንድም ጊዜ አልሞከራችሁም። በጾሙ ጉዳይ እኔ ጾማችሁን ፍቱ የምል ሰው አይደለሁም፤ ያ የአንቺና የባለቤትሽ፣ ሲያስፈልግም ከንስሐ አባታችሁ ጋር የምትነጋገሩበት ነው። ግን አሁን በእጅሽ ያለው ዙር ከጾሙ ጋር አይጋጭም፤ እዪው።

የወር አበባሽ ጥቅምት 11 ነው የጀመረው። በ33 ብትዞሪ ቀጣዩ ኅዳር 14 ነው፤ በ36 ብትዞሪ ኅዳር 17። 14 ቀን ወደ ኋላ ስንሄድ እንቁላሉ ከጥቅምት 30 እስከ ኅዳር 3 ባለው ውስጥ ይወጣል ብለን እንጠብቃለን። አምስቱን የዘር ቀናት ከፊት ስንጨምር ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 3 ይሆናል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ባለቤትሽ አሁኑኑ ከስምሪት ክፍሉ ጋር ይነጋገር፤ ከባልደረባው ጋር ተራ ይለዋወጥ፤ አሥሩን የቤት ቀኖቹን እዚህ ላይ ያውላቸው። ሁሉንም ማግኘት ካልቻለ ከጥቅምት 28 እስከ ኅዳር 2 ያሉት ይቅደሙ። ይህ ግን ግምት ነው፤ ፈሳሹ ቀድሞ ከመጣ ፈሳሹን እመኚ፣ የኔን ሒሳብ ተዪው።

በእነዚያ ቀናት በየቀኑ ወይም ቀን እየዘለላችሁ በቂ ነው። «ዘሩ ይጠራቀም» ብሎ መቆጠብ አይጠቅምም፤ ብዙ ቀን የተቀመጠ ዘር ቅልጥፍናው ይቀንሳል። እሱ ከሁለት ሳምንት መንገድ ሲመለስ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ብላችሁ አትተዉት ማለት ነው። ቫዝሊንም ምራቅም ለዘሩ አይስማማውም። ግድግዳ ላይ እግር መስቀል አያስፈልግም፤ ወዲያው ተነስቶ መታጠብ ግን ይቅር።

ሁሉንም በትክክል ብታደርጉም በመጀመሪያው ወር ላይያዝ ይችላል። በአንቺ ዕድሜ ያሉ ጤነኛ ባልና ሚስት በትክክለኛው ቀን ተገናኝተው እንኳ በአንድ ዙር የመፀነሳቸው ዕድል ከአራት አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ ኅዳር ላይ የወር አበባ ቢመጣ መተግበሪያውን እንደ ሰደብሽው እኔን አትስደቢኝ።

እስከ መቼ ለሚለው፣ ከ35 ዓመት በታች ላለች ሴት አንድ ዓመት በደንብ ተሞክሮ ካልሆነ፣ ከ35 በላይ ላለችው ስድስት ወር ሲሞላ ወደ ማህፀንና ፅንስ ሐኪም መሄድ ነው። ዙሯ ከ21 ቀን የሚያንስ ወይም ዘወትር ከ35 የሚበልጥ፣ ለሦስት ወር የወር አበባ ያልመጣላት፣ ሳታጠባ ጡቷ ወተት የሚያወጣ፣ ቀድሞ የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና የነበራት ግን ዓመት አትጠብቅ። ያንቺ ዙር ከዳሩ ላይ ነውና ወደ 40 ማዝገም ከጀመረ የታይሮይድና የሌሎች ሆርሞኖች ምርመራ ማድረግ ይገባል። አንድ ነገር ልብ በይ። እንቁላል መውጣቱን ለማረጋገጥ የፕሮጄስትሮን ደም ምርመራ ሲታዘዝ ብዙ ቦታ «በ21ኛው ቀን ነይ» ይባላል። ያ ለ28 ቀኗ ሴት ነው። አንቺ በ21ኛው ቀን ብትሄጂ እንቁላልሽ ገና እየወጣ ነውና ውጤቱ ዝቅ ይልና «እንቁላል አትለቂም» ተብለሽ ደንግጠሽ ትመለሻለሽ። ያንቺ ቀን የወር አበባሽ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ በዚህ ዙር ኅዳር 7 እና 10 መካከል። ደብተርሽን ይዘሽ ግቢ፤ በትሕትና፣ ግን ተናገሪ።

ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ። ልጅ ከዘገየባቸው ቤቶች ወደ ግማሽ በሚጠጉት የወንዱም ድርሻ ይገኛል፤ የዘር ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ምርመራዎች ሁሉ ቀላሉና ርካሹ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ተቆጥቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። የሹፌር ሥራ በሙቀት ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ደግሞ የዘርን ምርት ይቀንሳል። ሲጋራና መጠጥም እንዲሁ። ጫቱንም ቢተወው እመርጣለሁ። ዛሬ የተወው ነገር ዘሩ ላይ የሚታየው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው፤ አንድ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ያን ያህል ጊዜ ይወስዳልና። ከዚያም በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። ግን አንቺ እዚያ አልደረስሽም።

እስካሁን ካልጀመርሽ ፎሊክ አሲድ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ዛሬ ጀምሪ። የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። በአገራችን ደግሞ የዚህ ዓይነት ጉዳት በብዛት ይታያል።

ይህን የምታነቡ ሌሎች እህቶቼ፣ በተቃራኒው «እንዳላረግዝ ልጠቀምበት» ያላችሁ ካላችሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ተምራችሁ እንዳትጀምሩት። ለመከላከል ሲሆን ሕጉ ጠበቅ ያለ ነው፣ ወራት መለማመድ ይፈልጋል፣ የባልንም ትብብር ይፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም አዋላጇን አግኝታችሁ አስተምሩን በሉ። ዙሩ ላልረጋላትና ለምታጠባ ሴት ደግሞ ከሌላ ዘዴ ጋር ካልሆነ አልመክረውም።

አንቺ ግን ቆጣሪዋ፣ ጥቅምት 25 ሳይደርስ ደብተሩን ግዢ። ያን የተረፈሽን ክኒን አትጨርሺው። ባለቤትሽ ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ሆኖ ስልክ ሲያነሳ «ተልባው መጣ» በዪው፤ ረዳቱ አጠገቡ ተቀምጦም ቢሰማ ምን እንደሆነ አያውቅም። የኅዳርን ማስታወሻ ጻፊልኝ፤ እዚያኛው ውስጥ እንኳ ጳጉሜ የለችበትም።